ጎደለ ማለት የማይችል ቁጥር

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። የብሎካችን ጥበቃ ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ ተነስ። ውሃው እየፈሰሰ ነው» አሉኝ።

ጋቢዬን ደርቤ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ። የኮዬ ፈጬ የሌሊት ብርድ አይጣል ነው። ከብሎኩ ጀርባ፣ ብረት ማማው ላይ የተቀመጠው ሮቶ እስከ አፉ ሞልቶ በጎኑ ይወርዳል። ፓምፑ አሁንም ያጓራል። ሁለት ጎረቤቶቼ ቀድመውኝ ደርሰዋል። አንዷ ሳፋ ደቅናለች፣ ሌላዋ ጀሪካን ታፈራርቃለች። ያ ውሃ ስድስት ቀን ጠብቀነው የመጣ ውሃ ነው። እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሁልጊዜ ቀኑን አይጠብቅም። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

«አይዞህ፣ ማሽን አይደል? ይበላሻል» አለችኝ ጀሪካን የያዘችው።

ማሽኑ ግን አልተበላሸም ነበር። የተሳሳተው እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ኮድ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች መስመር ነው። ፕሮግራም ጽፋችሁ ለማታውቁም ጭምር እንዲገባችሁ አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎካችን ሁለት ሮቶ አለው። ታች ያለው 10 ሺህ ሊትር ይይዛል፣ ማማው ላይ ያለው 5 ሺህ። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ታችኛው ይሞላል፣ ከዚያ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋዋል። ድሮ ጥበቃው መሰላል ወጥተው ሮቶውን በጣታቸው እያንኳኩ ነበር ልኩን የሚያውቁት። ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ውሃው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ጆሯቸው አይሳሳትም። ጉልበታቸው ግን መሰላል የሚያስወጣ አልነበረም፤ እያየሁ ያሳስበኝ ነበር። ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሬ አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ናት)፣ የውሃውን ልክ የሚያነብ አንድ ሴንሰር፣ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ፣ እንዲሁም ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ ሞጁል ገጣጠምኩ። ነዋሪው ሜሴጅ ይልካል፤ ሳጥኑ ላይኛው ሮቶ ስንት ሊትር እንዳለው ይመልሳል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሦስት ወር ያለ እንከን ሠራ።

ነዋሪው የሚልከው ሜሴጅ ቅርጽ አለው። መጀመሪያ አራት ፊደል ትእዛዝ፣ ቀጥሎ የቤት ቁጥር። ፕሮግራሙ አራቱን ፊደል ዘልሎ የቀረውን ወደ ሌላ ቦታ ይቀዳል። የሚቀዳው ስንት ባይት፣ ማለትም ስንት የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም አኃዝ የሚይዝ ቦታ፣ ነው? የሜሴጁ ርዝመት ሲቀነስ 4። ሰው አጉል ሜሴጅ ቢልክስ ብዬ አስቤበት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬያለሁ። መስመሯ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ ትነበባለች፦ «ርዝመቱ ሲቀነስ 4 ከዜሮ ከበለጠ የቀረውን ቅዳ።»

እስቲ ደግማችሁ አንብቧት። ምኗ ነው ስህተቱ?

ተመልሼ መተኛት አልቻልኩም። ሳጥኑን ፈትቼ ቤት አስገባሁትና ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። ሲም ካርዱ ላይ የቀረው የመጨረሻ ሜሴጅ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። «1» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ማን እንደላከው አልጠየቅኩም፤ ስልክ የያዘ ሕፃን ሊሆን ይችላል፣ ጣቱ የሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ፕሮግራም ሰው በሚኖርበት ሰፈር ሊኖር ከሆነ ይህን መቻል አለበት። ርዝመቱ 1 ባይት ነው። 1 ሲቀነስ 4 ስንት ብሎ እንዳሰላው ስክሪን ላይ እንዲያወጣልኝ አንድ መስመር ጨመርኩና አስነሳሁት።

65,533።

ቁጥሩን ሳየው ወዲያው ገባኝ። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ዱብ ሲል ይታወቀኛል። 65,533 ከዜሮ ይበልጣል። ፕሮግራሙ እንደተባለው 65,533 ባይት ሊቀዳ ተነሳ። የዚህች አርዱዊኖ ሚሞሪ ግን ጠቅላላው 2,048 ባይት ነው። በራሱ ላይ እየጻፈ ሄደ። የሮቶው ልክ፣ የፓምፑ ሁኔታ፣ የት እንደደረሰ የሚያስታውስበት ቦታ፣ ሁሉም ላይ ተረማመደ። ፕሮግራሙ ደነዘዘ፤ ሪሌው ግን እንደበራ ቀረ።

65,533 ከየት መጣ ለሚል፣ ከሰዓት የተሻለ ማስረጃ የለኝም። አሁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው እንበል። ከአራት ሰዓት በፊት ስንት ሰዓት ነበር? 9 ሰዓት፣ ሌሊት። ማንም አይሳሳትም። 1 ሲቀነስ 4፣ 9 ሆነ። ሰዓት ላይ ከ1 በታች ስለሌለ ቆጣሪው ዞሮ ከ12 ይጀምራል። የመቀነስ ምልክት የሌለው ቁጥር፣ እኛ ፕሮግራመሮች አንሳይንድ የምንለው፣ ልክ እንደዚህ ነው። ከዜሮ በታች የለውም። በዜሮ በኩል ዝቅ ካለ ዞሮ ከላይኛው ጫፍ ይመጣል። አርዱዊኖዬ ላይ መጠን የሚቆጠረው በ16 ቢት ነው፣ ማለትም 0 ወይም 1 ብቻ በሚይዙ 16 ቦታዎች፤ ስለዚህ የሰዓቱ ዙር 12 ሳይሆን 65,536 ነው። በአሁኑ ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ላይ ያው ስሌት 18,446,744,073,709,551,613 ይሰጣችኋል። ይህ ብልሽት አይደለም። የሲ ስታንዳርድ፣ የቋንቋው ይፋዊ ደንብ፣ እንዲህ እንዲዞር በግልጽ ደንግጎታል።

ርዝመቱ ምልክት የሌለው እንዲሆን ግን እኔ አልወሰንኩም። የጽሑፍን ርዝመት የሚነግረን ስትርሌን የሚባለው ፈንክሽን መልሱን የሚሰጠው ሳይዝ ቲ በሚባል የቁጥር ዓይነት ነው። ሳይዝ ቲ በሲ የነገሮች መጠን መለኪያ ነው። አንድ ነገር ስንት ባይት እንደሚይዝ ሳይዝኦፍን ስንጠይቀው በእሱ ይመልሳል። ማሎክ የሚባለው ፈንክሽን ሚሞሪ የሚሰጠን በእሱ ለክተን ስንጠይቀው ነው። ሳይዝ ቲ ደግሞ ሁልጊዜ ምልክት የሌለው ነው። በላዩ ላይ፣ ከእሱ ጋር የተገናኘ ቁጥር ብዙ ጊዜ ባሕርይውን ይወርሳል። እኔ የቀነስኩት 4 ምልክት ያለው ተራ ቁጥር ነበር፤ ግን ከሳይዝ ቲ ጋር ሲገናኝ ምልክቱን ጣለ። ለዚህ ነው በሲ ውስጥ «ከዜሮ በታች 1፣ ከሳይዝኦፍ መልስ ያንሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አያንስም» የሚላችሁ። ሲቀየር ትልቁ ቁጥር ሆኗላ።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለሩም አላስጠነቀቀኝም። ምልክት ያለውንና የሌለውን ስናወዳድር የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዜሮ ግን በሁለቱም በኩል ዜሮ ስለሆነች አትቆጠርም። ከዜሮ ይበልጣል ወይስ እኩል ነው ብዬ ጠይቄ ቢሆን፣ «ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው» ብሎ የሚነግር ሌላ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኔ የጻፍኩት ከሁለቱም ያመለጠች መስመር ነች።

ጠዋት ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ መጡ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። የብሎኩን የውሃ መዝገብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ የሚል አምድ አለው። ስክሪኑን አሳየኋቸው። የማነበውን ሁሉ በትዕግስት ሰሙኝ።

«አንድ ላይ አራት ስትቀንስ ስንት አለ?» አሉኝ።

«ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ሦስት።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና ቁጥሩን ራሳቸው አዩት። «ታዲያ ይሄ ነገር ጎደለ የሚል ቃል የለውም?»

የለውም። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ስለ ሳይዝ ቲ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙም ተከራክሬያለሁ። የጋሼን ያህል በአጭሩ የነገረኝ የለም።

ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ አለ፣ ሰማያዊና ቀይ። ሂሳብ ሲጎድል በቀይ ይጽፋሉ። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ ቀለሙ ግን ትርጉሙን ይገለብጠዋል። በኮምፒውተር ውስጥ ምልክት ያለው ቁጥር ከቢቶቹ አንዷን ለዚህ ይሰጣል። ያቺ ቢት ቀይ እስክሪብቶ ናት። ምልክት የሌለው ቁጥር ቀይ እስክሪብቶውን ሸጦ ተጨማሪ ወረቀት የገዛ ነው። ወረቀቱ እጥፍ ይሆንለታል፤ የጎደለ ቀን ግን የሚጽፍበት የለውም።

ሽያጩ በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ዴኒስ ሪቺ ሲን ቤል ላብስ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሲሠራው ቋንቋው ያደገው ፒዲፒ 11 በሚባል ባለ 16 ቢት ማሽን ላይ ነው። በ16 ቢት ሊጠራ የሚችለው የሚሞሪ አድራሻ 65,536 ብቻ ነው፣ 64 ኪሎባይት። ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ቁጥር ደግሞ 32,767 ላይ ያልቃል። አርባ ሺህ ባይት የሚይዝ ሰንጠረዥ ቢኖራችሁ፣ ማሽኑ ላይ ይገባል፤ መጠኑን የምትጽፉበት ቁጥር ግን አጣችሁ። ምልክቷን ስትተዉ 65,535 ድረስ ትደርሳላችሁ። ያኔ አንዲት ቢት ግማሽ ሚሞሪ ነበረች። እኔም ያኔ ብኖር የምመርጠው ያንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ስታንዳርድ ሲያገኝ ሳይዝ ቲ የሚለው ስም ምልክት የሌለው ሆኖ ሰነዱ ላይ ሰፈረ። ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ኮድ ሁሉ በዚያ ላይ ቆሟል።

ዛሬ ያቺ ቢት ምን ታተርፍልናለች? በ64 ቢት ማሽን ላይ ምልክት ያለው ቁጥር 9,223,372,036,854,775,807 ድረስ ይቆጥራል። ይህ በባይት ከ9 ኤክሳባይት፣ ማለትም ከ9 ቢሊዮን ጊጋባይት፣ በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻውን ይህን ያህል የሚሆንበት ማሽን ጠረጴዛችን ላይ የለም። ይበልጥ የሚገርመው ግን፣ ታዋቂው ጂሲሲ ኮምፓይለር ራሱ አንድ ነገር ከዚህ ቁጥር እንዳያልፍ ይፈልጋል። ምክንያቱም የሁለት አድራሻ ልዩነት የሚለካው ፒቲአር ዲፍ ቲ በሚባል፣ ምልክት ባለው ዓይነት ነው። ነገሩ ከዚያ ከበለጠ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርቀት መለካት አይቻልም። የሊኑክስ ዋና ላይብረሪ ጂሊብሲም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ማሎክ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ «የለም» እንዲል አድርጓል። እንግዲህ ቀይ እስክሪብቶውን ሸጠን የገዛነው ወረቀት ላይ እንዳንጽፍ ተከልክለናል ማለት ነው።

ስታንዳርዱን የሚጽፉት ሰዎችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሲ ስታንዳርድ አንድ አባሪ ላይ አርሳይዝ ቲ የሚል ሌላ ስም አስገብተዋል። በጣም ትልቅ መጠን ብዙ ጊዜ የስሌት ስህተት ምልክት ነው፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ወደ ሳይዝ ቲ ሲቀየር ግዙፍ ሆኖ ይታያልና፤ ስለዚህ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ያለውን እንደ ስህተት ቁጠሩት ይላል አባሪው። ይህን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ቀይ እስክሪብቶ የሌለው መዝገብ ያዥ፣ «ቁጥሩ በጣም ከተለቀ ጎደለ ማለቴ ነው» ብሎ ሲስማማ ማለት ነው። ፖሲክስ የሚባለውን የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ የጻፉት ሰዎች ደግሞ ፋይል የሚያነበው ሪድ የሚባል ፈንክሽን ሲገጥማቸው ቸገራቸው። ስንት ባይት አንብብ ሲባል በሳይዝ ቲ ይቀበላል። ሲመልስ ግን ንባቡ ካልተሳካ ከዜሮ በታች 1 ማለት አለበት። ስለዚህ ምልክት ያለው ወንድም ፈጠሩለት፣ ኤስሳይዝ ቲ።

ከሲ በተወለደው ቋንቋ በሲ ፕላስ ፕላስ መንደርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የቋንቋው ፈጣሪ ቢያርን ስትራውስትራፕ በላይብረሪው ውስጥ መጠንን ምልክት በሌለው ቁጥር ማድረግ ስህተት እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስታንዳርድ ላይ መጠንን ምልክት ባለው ቁጥር የሚመልስ ኤስሳይዝ የሚባል ፈንክሽን ተጨምሯል። ጃቫና ጎ የሚባሉት ቋንቋዎች ከመጀመሪያውም ርዝመትን ምልክት ባለው ቁጥር ነው የሚሰጡት።

ወደ ኋላ የሚቆጥር ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ያስለቀሰው ሰው ይህን ሁሉ ሳልነግረው ይገባዋል። ከመጨረሻው ጀምረህ እስከ ዜሮ ውረድ፣ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ እስከሆነ ቀጥል። ምልክት የሌለው ቁጥር ሁልጊዜ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አይቆምም።

ሌላኛው ወገን የሚለውንም በደንብ ሰምቻለሁ፤ ክብደት ያለው ክርክር ነው። መጠን ከዜሮ በታች አይሆንም፣ ስለዚህ ዓይነቱ ያንን ይመስክር ይላሉ። ሁለተኛው ነጥባቸው የበለጠ ያሳስበኛል። በሲ ውስጥ ምልክት የሌለው ቁጥር ሲሞላ የሚሆነው የታወቀ ነው፣ ይዞራል። ምልክት ያለው ቁጥር ሲሞላ ግን ስታንዳርዱ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ኮምፓይለሩ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ገምቶ እናንተ የጻፋችሁትን ፍተሻ ራሱ ሊያነሳው ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ጉዳት አድርሷል።

ማባዛት ላይ ደግሞ ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም አያድንም። በ32 ቢት ማሽን ላይ እያንዳንዳቸው 65,536 ባይት የሆኑ 65,537 ነገሮች ላስቀምጥ ብላችሁ አባዝታችሁ ማሎክን ብትጠይቁ፣ ስሌቱ ከ4 ጊጋባይት ያልፍና ዞሮ 65,536 ይሆናል። ማሎክ የአንዱን ነገር ቦታ በደስታ ይሰጣችኋል፤ እናንተ የሁሉንም ትጽፉበታላችሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ከማባዛት በፊት መፈተሽ ነው፣ ወይም ማባዛቱን ራሱ በጥንቃቄ ለሚሠራው፣ ካሎክ ለሚባለው ፈንክሽን መተው።

ስለ መጀመሪያው ክርክር ግን አቋሜ የጸና ነው። አዎ፣ ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ከዜሮ በታች አይሆንም። ማንም አይከራከርም። ግን እኛ መጠንን አስቀምጠን ብቻ አናይም፤ እንቀንሰዋለን። ትናንት ከነበረው ዛሬ ያለውን፣ ከሚያስፈልገው ያለውን። የሁለት መጠን ልዩነት መጠን አይደለም። ልዩነት ትርፍም ጉድለትም ሊሆን ይችላል። የግዕዝ ቁጥራችን ዜሮ እንኳን የለውም፣ ከ፩ ነው የሚጀምረው። በእሱ ሲቆጥሩ የኖሩት አያቶቻችን ግን ጎደለ፣ ዕዳ፣ ቀሪ የሚሉ ቃላት አልጠፏቸውም። ቁጥሩ ባይችል ቃሉ ይችል ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ከቁጥሩ ሌላ ቃል የለውም። ስለዚህ የምንቀንስበት ቁጥር ጉድለትን መናገር መቻል አለበት።

አርዱዊኖዬን አስቡት። ሚሞሪው 2,048 ባይት ነው። ምልክት ያለው ባለ 16 ቢት ቁጥር እስከ 32,767 ይቆጥራል። ከሚያስፈልገው 15 እጥፍ በላይ። ያቺ ቢት ለዚህች ሰሌዳ ያተረፈችላት አንድ ባይት የለም።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው። ሳይዝ ቲን በላይብረሪው በር ላይ እቀበለዋለሁ፤ መሸሽ አይቻልም። ወደ ውስጥ ሲገባ ልኩን አይቼ ምልክት ወዳለው ቁጥር እቀይረዋለሁ፤ መቀነስም ማወዳደርም የምሠራው በእሱ ነው። ወደ ማሎክ ወይም ወደ መቅጃው ስመልሰው ከዜሮ በታች አለመሆኑን እፈትሻለሁ። በሰው ኮድ ውስጥ ሳይዝ ቲ ሲቀነስ ካየሁ ግን እጄን ይዞ የሚያቆመኝ አንድ ጥያቄ አለ፣ መጀመሪያ ተወዳድሯል ወይ የሚል። የእኔን መስመር ለማዳን ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። «ርዝመቱ ሲቀነስ 4 ከዜሮ ከበለጠ» የሚለውን «ርዝመቱ ከ4 ከበለጠ» ማለት ብቻ። በሂሳብ ክፍል ሁለቱ አንድ ናቸው። መምህር ሁለቱንም ትክክል ብሎ ያልፋቸዋል። በሲ ግን በሁለቱ መሃል አንድ ሌሊት ሙሉ የፈሰሰ ውሃ አለ።

አስተካክዬ ስጨርስ፣ ፕሮግራሙ ሲደነዝዝ ሰሌዳውን ራሱ የሚያስነሳውን ዋችዶግም አበራሁት። ከመጀመሪያው መብራት ነበረበት። ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሼ ከማማው ስር ቆሜ ከስልኬ «1» ብዬ ላክሁ። ጥበቃውም ጋሼም አጠገቤ ቆመው ነበር። ፓምፑ ሥራውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፦ «ትእዛዙ አልተሟላም።» ከዚያ ባዶ ሜሴጅ፣ ከዚያ አራት ፊደል ብቻ፣ ከዚያ አምስት። ጥበቃው ለማንኛውም ብለው ሮቶውን በጣታቸው አንኳኩ። ሳጥኑ ከሚለው ጋር ተስማማ።

ጋሼ መዝገቡን ይዘው ነው የወረዱት። ማማው ብረት ላይ አስደግፈው ገለጡት። የሌሊቱን ሂሳብ እየጠየቁኝ ጻፉ። ታችኛው ሮቶ 2,500 ሊትር ቀንሷል። ላይኛውን ለመሙላት 1,200 ይበቃው ነበር። ሴቶቹ የቀለቡት 19 ጀሪካን ነው፣ ባለ 20 ሊትር፤ 380። እሱም ሰው ቤት ስለገባ ወጪ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ሰማያዊውን እስክሪብቶ ኪሳቸው ከተቱና ቀዩን አወጡ።

«ስንት መጣልህ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ መቶ ሃያ።»

ራሳቸው ደግመው ቀነሱት፣ ከዚያ ጻፉት።